አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ሽፋኑን አትመኑ

አሮጌ የአማርኛ ልብ ወለድ ከመንገድ ዳር ሻጭ ስትገዙ መጀመሪያ የርዕሱን ገጽና ጀርባውን ግለጡ። ማተሚያ ቤቱና የታተመበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ሽፋኑማ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ስለታተመ፣ ያረጀ ሁሉ የመጀመሪያው እትም አይደለም። ለማንበብ ከሆነ ግን እትሙ አያስጨንቃችሁ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከልን ያው ታሪክ ነው። ይልቅ ገጾቹ መሟላታቸውን እዩ፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን። ቶሎ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። የበዛብህንና የሰብለን መጨረሻ ማጣት እንዴት ያንገበግባል! የላላውን ገጽ በስኮች አትለጥፉ፣ ሙጫው እያደር ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። እርጥበት በሌለበት መደርደሪያ ላይ አቁሙት።