የጎረቤት ቤት በደቦ ልትሰሩ ካሰባችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

ክረምት ሲወጣ በኛ ሰፈር ሁሌ የሚነሳ ወሬ አለ፣ "የነእንትና ቤት ዘንድሮስ ሊወድቅ ነው፣ እስቲ እናዋጣ" ይባላል፣ ሁለት ሳምንት ይሞቅና ከዛ ዝም ይላል። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከሰፈር ልጆችና ከእድራችን ጋር ሆነን ቤት ስንጠግን ያየነውን ልፃፍላችሁ፣ ሸዋሮቢትም መሀል ሜዳም ደብረ ሲናም ያላችሁ እንደየአገራችሁ አርጋችሁ ውሰዱት።

መጀመሪያ ብር አይደለም። መጀመሪያ ቤቱ የማን ነው የሚለውን አጣሩ። ይሄን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያ ስራችን ላይ ሶስት ልጆች ያሏት እናት ተከራይታ የምትኖርበትን ክፍል ጣሪያ ቀየርን፣ ግድግዳውን መረግን፣ የላሜራ በር ገጠምን፣ ቡና ተፈልቶልን ተመርቀን ወጣን። አራት ወር ሳይሞላ አከራዩ "ቤቱ አሁን ደህና ሆኗል" ብሎ ኪራይ ጨመረባት፣ መክፈል አቃታትና ለቀቀች። እቃዋን ጋሪ ላይ ስንጭን ትንሿ ልጅ የአዲሱን በር ቁልፍ በእጇ ጨብጣ ነበር፣ መልሺ የሚላት ሰው ጠፋ።

ስለዚ ቤቱ የግል ኪራይ ከሆነ ሚስማር ከመመታቱ በፊት አከራዩ ለስንት ዓመት እንደማያስወጣና ኪራይ እንደማይጨምር በፅሁፍ ይፈርም፣ ሶስት ምስክር ይኑር፣ አልፈርምም ካለ እዛ ቤት ላይ ብር አታፍስሱ፣ ቤተሰቡን በሌላ መንገድ እርዱ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ባለቤቱ መንግስት ነው (በ1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የመጡት ናቸው ብዙዎቹ፣ እድሜያቸውን አስቡት) ያለ ፈቃድ መነካካት ጣጣ አለው፣ የእድሳት ፈቃዱ የተከራዩ ስም ተጠቅሶበት በደብዳቤ ይሰጣችሁ። የራሳቸው ይዞታ ከሆነ ደግሞ ካርታው በማን ስም ነው፣ ውርስ ከሆነ እህት ወንድም ተስማምቷል ወይ፣ ቤቱ አምሮ ካለቀ በኋላ "የአባቴ ነው" ብሎ የሚመጣ አይጠፋምና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዛ አናፂ ይዛችሁ ሂዱና እየለካችሁ ፃፉ። ለምሳሌ 4 በ5 ሜትር የሆነች ቤት ክፈፏ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ቢወጣ በ2 ሜትሩ ቆርቆሮ 24 አካባቢ ይፈጃል፣ ለብልሽት ሁለት ጨምሩ። ጌጁን (የቆርቆሮውን የውፍረት ቁጥር) አትርሱ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 35 ርካሽ ነው ግን ስስ ነው፣ አቅም ካለ 32 ግዙ። ቋሚና ማገር ባህር ዛፍ ነው፣ እሱን ከገበሬ መለመን ይቻላል፣ ቆላ ያላችሁ ግን ምስጥ አለባችሁ፣ መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሳትቀቡ አትትከሉ።

አሁን ልመናው። "ለተቸገረ ቤተሰብ እርዱ" ብላችሁ ብትለጥፉ ሰው ያዝንና ያልፋል። "26 ቆርቆሮ ያስፈልጋል፣ 9 ተገኝቷል፣ 17 ቀረ" ስትሉ ግን ሰው አንድ ቆርቆሮ በስሜ ፃፉ ይላል፣ ሁለት ጓደኛሞች ተጋርተው አንድ ይገዛሉ፣ ውጪ ያለው የሰፈር ልጅ በሩን እኔ እችላለሁ ይላል። እኛ ዝርዝሩን የእድር ስብሰባ ላይ አነበብነው፣ ከዛ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍነው፣ የተገኘው እየተሰረዘ ሲሄድ ሰው ራሱ ይከታተለው ጀመር። ሱቅም ሂዱ፣ ባለሱቅ ጥሬ ብር ስጥ ሲሉት ይከብደዋል፣ ሁለት ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ግን ወዲያው ያወጣል።

ብሩን በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ይሁን፣ ለሱም ጥሩ አይደለም፣ አንድ ቀን ስሙ ይነሳል። እድሩ የባንክ ደብተር ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ ሂሳቡ ለብቻ መዝገብ ይያዝለት፣ ሲወጣ ሶስት ሰው ይፈርም፣ ደረሰኙ በየሳምንቱ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፍ። ቤት ለቤት ለመዞር ደግሞ የእድሩን ወይ የቀበሌውን ማህተም ያለው ደብዳቤ ያዙ።

ቀኑን መምረጥ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ደቦ የሚፈርሰው እዚ ጋር ነው። ገጠር ከሆነ 12ን፣ 19ን፣ 21ን፣ 27ን ዝለሉ ወይ ቄሱን አማክሩ፣ ሙስሊም ጎረቤት ካለ አርብን ለስግደት ተዉት፣ ህዳርና ታህሳስ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው አይመጣላችሁም። እኛ ከመስቀል በኋላ ያለውን ጊዜ እንመርጣለን፣ ዝናቡ ወጥቷል ውርጩም ገና አልጠናም። እርጥብ ጭቃ ውርጭ ከመታው ሲደርቅ እየተፈረፈረ ይወርዳል፣ ስለዚ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ፀሀይ ወጣ ሲል ጀምራችሁ 9 ሰዓት ላይ አቁሙ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቀድሞ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጥ፣ በዛ ሰሞን ጭድ ስለሚወደድ ካለፈው ዓመት ያስቀመጠ ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ መሰንጠቁ አያስደንግጣችሁ፣ ሁለተኛው ልስን የሚደፍነው እሱን ነው፣ ለዛ ግን ሌላ ቀን ሰው መጥራት እንዳለባችሁ ከወዲሁ ተናገሩ።

ሁሉም ጭቃ ይርገጥ አይባልም። ሽማግሌ ይመርቅ፣ ቆሎና ዳቦ የሚያቀርብ ይኑር፣ የእድሩ ድስትና ወንበር ይውጣ፣ ተማሪዎች ውሃ ያመላልሱ፣ ጣሪያ ላይ ግን አናፂውና ረዳቱ ብቻ ይውጡ፣ ጉጉት ያለው ጎረምሳ ሁሉ ማገር ላይ ቢንጠላጠል አንዱ ይወድቃል።

ቤተሰቡም አብሮ ይስራ። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለው በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተመሰረተው ድርጅት ቤት የሚሰራለት ቤተሰብ በጉልበቱ እንዲሳተፍ ያደርጋል፣ በኛም አገር ደቦ የጠራ ሰው ቁጭ ብሎ አያይም። የበሩን አቅጣጫ፣ የመስኮቱን ቦታ፣ ምድጃው የት እንደሚሆን እነሱን ጠይቁ፣ አንዲት እናት መስኮቱን ወደ መንገዱ አታርጉብኝ ብላን አዙረንላታል፣ ምክንያቷን አልጠየቅናትም። ፎቶም ስትለጥፉ የቤቱን ለጥፉ፣ የልጆቹን ፊት ተዉት፣ ነገ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

ሲያልቅ የተረፈ ብርና እቃ ካለ በስብሰባ ይነበብና ለቀጣዩ ቤት ይቀመጥ። ከዛ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ሁለት ሰው ይሂድ፣ ጣሪያው ስር ቆሞ ይይ። የሚያፈስ ካለ ብዙ ጊዜ ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ መውረጃው ላይ ተመቶ ነው፣ ቦታውን በከሰል ምልክት አርጉበት፣ ሲያባራ አናፂው ነቅሎ ቀዳዳውን ይድፈን።