ያገለገለ ትሬድሚል ሲጮህ፦ ድምፁን ለይቶ ቤት ውስጥ መጠገን

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ጎንደር ደግሞ ከቤት ሲወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ክረምት ሲገባ ጭቃው ይጨመርበታል። ሐኪሙ «በየቀኑ ሜዳ ላይ ይራመዱ» ሲላት ሜዳውን ቤት ለማምጣት ወሰንን። ወደ አዲስ አበባ ከሚዛወር ሰው ያገለገለ ትሬድሚል ገዛን። ከአዘዞ በጭነት ባጃጅ መጣ። አራት ሆነን ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አወጣነው።

በማግስቱ ጠዋት ስናበራው ቤቱ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ በር አንኳኩ። «ልጄ፣ ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ያሳየነው አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ አልቆለታል» አለን። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለው ይህ ነው፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳትለዩ ብር አታውጡ፣ ብሎንም አትንኩ። ያገለገለ ትሬድሚል የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በቀላል ነገር ነው። ሲጓጓዝ የላላ ብሎን፣ የደረቀ ጣውላ፣ ያለቀች ኩሽኔታ (ዘንግ ላይ ያለ ነገር በቀላሉ እንዲዞር የምታደርግ ባለ ኳስ ቀለበት)።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምንረግጠውን ጥቁር ጎማ «ቤልት» እለዋለሁ። ቤልቱ ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት የብረት ሮለሮች ላይ ይዞራል። ከሥሩ ጣውላ አለ። ከሞተሩ ወደ ፊተኛው ሮለር ጉልበት የምታስተላልፈው ትንሿ ጎማ ደግሞ ቺንጊያ ናት።

የሚያስፈልጋችሁ መሣሪያ ትንሽ ነው። ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ባለ ስድስት ጎን ብሩጎላ (አብዛኛው ጊዜ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር)፣ የእጅ ባትሪ፣ ንጹሕ የቀለም ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ። ካቻቢቴም ቺንጊያም ኩሽኔታም ከጣሊያንኛ ገብተው የቀሩ ቃላት ናቸው። መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ በነዚሁ ስሞች ጠይቁ፤ ቶሎ ትግባባላችሁ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ማሽኑ የሚገባበት አካባቢ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማሽኑ 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ እንዳትሰኩት። ከአሜሪካ በመጡ ማሽኖች ላይ ይህ ያጋጥማል። የማሽኑን ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ስልክ በሚሞላበት ቀጭን ማከፋፈያ ላይም አትሰኩት። ትሬድሚል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ገመዱ ይግላል፣ ሞተሩም ጉልበት አጥሮት ያጉረመርማል። ግድግዳው ላይ ባለው ጠንካራ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ እዩት። ድምፁ ከተለወጠ ግማሹን መንገድ ጨረሳችሁ።

ክዳን ስትከፍቱ ወይም እጃችሁን ስታስገቡ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ 10 ደቂቃም ጠብቁ። ውስጥ ያለው ካርድ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሌላው የነጠላ ጉዳይ ነው። የነጠላ ጥለትና የቀሚስ ጫፍ የኋለኛው ሮለር አጠገብ መድረስ የለበትም። እናቴ ማሽኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ነጠላዋን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ልጆች ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ ከኋላው አይቁሙ።

አንደኛ፦ ማድመጥ

ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። አንዱ ይራመዳል፣ ሌላው ያዳምጣል።

መጀመሪያ ማንም ሳይወጣበት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይሂድ። ቀስ እያላችሁ ወደ 6 አድርሱት። ከዚያ ሰው ይውጣበትና በተመሳሳይ ፍጥነት ይራመድ። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቤልቱን በእጃችሁ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ስሙ።

ባዶውን ሲሄድ ጸጥ ያለው ሰው ሲወጣበት ብቻ ከጮኸ፣ ነገሩ ያለው ብሎን፣ ጣውላ፣ ወለል ወይም ቅባት ላይ ነው። ሰው ኖረም አልኖረም የሚጮኽና ፍጥነት ሲጨመር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ሮለር፣ ቺንጊያ ወይም ሞተር ነው። በእጅ ስትስቡት እንኳ የሚያንኮራኩር ከሆነ ሞተሩን ለጊዜው እርሱት፤ ወደ ሮለሮቹ ሂዱ።

በየዙሩ አንዴ «ጢጥ» የምትል ለስላሳ ድምፅ አለች። የቤልቱ ስፌት ሮለሩ ላይ ሲያልፍ ነው። እሷ አታስጨንቃችሁ።

ሁለተኛ፦ ወለሉና ብሎኑ

ማሽኑ ሴራሚክ ላይ ከቆመና አንዱ እግር በትንሹ እንኳ ከተንጠለጠለ፣ በየእርምጃው ወለሉን ይመታል። አራቱን ማዕዘን በየተራ በእጃችሁ ተጫኑ። የሚወዛወዝ ካለ ከሥር ያለውን የሚዞር እግር እያዞራችሁ አስተካክሉ። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የግድ ነው ባይ ነኝ፤ እታች ያሉት ሰዎች የሚሰሙት አየር ላይ ያለውን ድምፅ ሳይሆን በወለሉ የሚወርደውን ምት ነው።

ቀጥሎ ብሎኖቹን አንድ በአንድ። የመያዣውን፣ የቋሚውን፣ ከሥር ጣውላውን ከብረቱ ጋር ያሰሩትን። የእኛው ከአዘዞ እስከ ቤት ሲንገጫገጭ መጥቶ ሦስት ብሎን ላልቶ ነበር። ጥብቅ አድርጉ፣ ግን በሙሉ ጉልበት አይሁን፤ ጥርሱ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው። በጣውላውና በብረቱ መካከል ያሉትን ትናንሽ ጎማዎችም በባትሪ እዩ። የተሰነጠቀ ወይም የወደቀ ካለ ጣውላው ብረቱን ይመታል።

ሦስተኛ፦ ቤልቱ

እዚህ ላይ ቆይታ አድርጉ። ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። ቤልቱ ወደ አንድ ጎን ከተሳበ የፕላስቲኩን ጠርዝ ይፈጫል፤ «ሽሽሽ» ይላል፣ ከሥሩም ጥቁር ብናኝ ይጠራቀማል። የሚስተካከለው ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት ሁለት ብሎኖች ነው። ማሽኑ ባዶውን በዝግታ እየሄደ፣ ቤልቱ ወደ ቀኝ ካዘነበለ የቀኙን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሩ። ወደ ግራ ካዘነበለ የግራውን። ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቤልቱ ወዲያው አይታዘዝም። ቸኩለው ግማሽ ዙር፣ አንድ ዙር የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው ቤልት የሚያበላሹት።

ቀጥሎ ጥብቀቱ። አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መሃል ላይ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሡት። ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከተነሣ ደህና ነው። ጭራሽ አልነሣም ካለ በጣም ጠብቋል፤ ኩሽኔታዎቹን ይጨፈልቃል፣ ሞተሩንም ያግላል። በጣም ከላላ ደግሞ ስትረግጡት ያዳልጣል። ሁለቱንም የኋላ ብሎኖች እኩል፣ ሩብ ሩብ ዙር አድርጉ።

አሁን ቅባት። እጃችሁን በቤልቱና በጣውላው መካከል አስገቡ። ደረቅና ሻካራ ከሆነ፣ ሰው ሲወጣበት የሚያቃስተው ለዚህ ነው። የሚቀባው ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው። የስፖርት ዕቃ ወይም የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ላይ 100 ፐርሰንት ሲሊኮን የሚል ፈልጉ። የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ የምግብ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ በፍጹም። ቤልቱን ያበላሻሉ ወይም አቧራ ይዘው እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ። ጣውላቸው ከፋብሪካ በሰም የተቀባ፣ ዘይት የማይፈልጉ ማሽኖችም ስላሉ የማሽኑ መመሪያ ካለ ቀድማችሁ እዩ።

ከመቀባታችሁ በፊት ረጅም ዱላ ላይ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየገፋችሁ ጣውላውን ጥረጉ። ከእኛ የወጣው ጨርቅ ከሰል የነካ ይመስል ነበር። ከዚያ የቤልቱን ጠርዝ አንሥታችሁ፣ እግር በሚያርፍበት መሃል ላይ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ከግራም ከቀኝም አፍስሱ። አይብዛ። 5 ደቂቃ በዝግታ ተራመዱበትና ይሰራጭ።

አራተኛ፦ የሞተሩ ቤት

ከፊት ያለው የፕላስቲክ ክዳን በጥቂት ብሎኖች ነው የታሰረው። ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ማሽኑ እየሠራ ክዳኑን በመዳፋችሁ ከላይ ተጫኑት። «ዝዝዝ» ያለው ድምፅ ከጠፋ ጥፋተኛው ራሱ ክዳኑ ነው። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ ክዳኑ ብረቱን በሚነካበት ቦታ አስገቡ። አለቀ።

ካልሆነ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ 10 ደቂቃውን ጠብቃችሁ ክፈቱ። በበጋ የጎንደር አቧራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያገኘሁት ቡናማ ጥጥ የመሰለ ነገር ነው። በደረቅ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ውኃም እርጥብ ጨርቅም አይግባ።

ቺንጊያዋን በጣታችሁ ያዙ። የተሰነጠቀች፣ የተላጠች ወይም ጠርዟ የተበጣጠሰ ከሆነ ትቀየር። ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ስትነሣ «ጺጽ» ብላ ዝም የምትል ከሆነ ምናልባት ላልታለች።

ሞተሩ ላይ በሁለት ጎን ትናንሽ ክዳኖች ካሉ ካርቦኖች (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል የሚያስተላልፉ ትናንሽ ቁራጮች) አሉት ማለት ነው። የሚንጣጣ ድምፅ፣ ብልጭታና የተቃጠለ ሽታ ካለ እነሱን አውጥታችሁ እዩ። ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ካጠሩ ወይም ጠርዛቸው ከተሸረፈ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየሩ። የተቃጠለ ሽታው ከካርዱ የሚመጣ ከሆነ ግን እዚያው አቁሙ፤ ያ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሥራ ነው።

አምስተኛ፦ ሮለርና ኩሽኔታ

የእኛ ወፍጮ እዚህ ነበር። «እርርር» የሚል፣ ፍጥነት ሲጨመር የሚብስ፣ ሰው ባይኖርም የማይተው ድምፅ።

የቱ ሮለር እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ። ማሽኑ ባዶውን በዝግታ እየሄደ፣ ጫፉን የሮለሩ ዘንግ የታሰረበት የማይንቀሳቀስ ብረት ላይ አሳርፉ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ። ፀጉር የታሰረ፣ እጅጌ የተሰበሰበ ይሁን። ደህና ኩሽኔታ ወጥ ሹክሹክታ አላት። ያለቀችው አሸዋ እንደሚታኘክ ናት።

የኋለኛውን ሮለር ለማውጣት ሁለቱን የኋላ ብሎኖች ፍቱ፤ እያንዳንዱ ስንት ዙር እንደወጣ ጻፉ፣ ስትመልሱ ይጠቅማችኋል። የእኛን ስናወጣ ዘንጉ ላይ የጋቢ ክርና ፀጉር ተጠምጥሞ ድር ሆኖ አገኘነው። በምላጭ ቆርጠን አወጣነው፤ ሲጥሲጥታው በዚያው ጠፋ። «እርርር»ታው ግን ቀረ። ሮለሩን በእጄ አዞርኩት። በአንድ ጫፍ በኩል እጄ ላይ ይንኳኳ ነበር።

ኩሽኔታ ጎኗ ላይ ቁጥር ተጽፎባታል። 6203 ከሆነ ውስጧ 17፣ ውጯ 40፣ ውፍረቷ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6202 ደግሞ 15፣ 35 እና 11። ዓለም አቀፍ መለኪያ ስለሆነ የግድ የትሬድሚል መለዋወጫ ማሳደድ የለባችሁም። ያችኑ ቁጥር የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ጠይቁ። በሁለት ጎኗ በጎማ የተዘጋችውን ምረጡ፤ አቧራ አታስገባም። ማውጣትና ማስገባቱን ግን በመዶሻ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ሮለሩን እንዳለ ቶርኖ ቤት ወይም ጋራዥ ውሰዱት። በአንድ ጎን ካለቀች በሌላውም ስለማትቆይ ሁለቱን አስቀይሩ።

ስትመልሱት ብሎኖቹን በጻፋችሁት ዙር ልክ አስገቡ። ባዶውን 10 ደቂቃ በዝግታ ይሂድ፤ ቤልቱ አንድ ጎን መያዙ አይቀርም፣ እንደገና በሩብ ዙር አስተካክሉት። ከዚያ ሰው ይውጣበት።

ያለቀችውን ኩሽኔታ አልጣልኳትም። መሳቢያ ውስጥ አለች። ማሽኔ ይጮኻል የሚለኝ ሰው ሲመጣ በጣቱ እንዲያዞራት እሰጠዋለሁ።