የልብ ምት መለኪያው በብርድ ሲዘባርቅ

ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ላይ፣ በማለዳ ብርድ፣ እጅ ላይ የሚታሰረው ወይም የሚለጠፈው የልብ ምት መለኪያ ቁጥሩ ቢዘባርቅባችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ብርድ የቆዳን ደም ሥሮች ያጠባል። አረንጓዴ ብርሃን የሚጠቀመው የመለኪያው ዳሳሽ (ምቱን የሚያነበው ክፍል) የሚከታተለው ከቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም በየምቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ነው፤ ደሙ ካነሰ ምልክቱም ይደክማል።

እጃችሁን ጋቢ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል አሙቁ። ቫዝሊን ወይም ቅባት ካለ በሳሙና ታጠቡና አድርቁ፤ ተለጣፊው ቅባት ላይ አይዝም። መለኪያውን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርን ከፍ አድርጉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጠባበቁ ላይ ነው። ከላላ የውጭ ብርሃን ይገባል፣ የእጁንም እንቅስቃሴ እንደ ምት ይቆጥረዋል፤ ከጠበቀ ደግሞ ደሙን ራሱን ያግዳል። የማይንሸራተት፣ ሲፈታም ጥልቅ ሰምበር የማይተው ከሆነ ልክ ነው።

ከዚያ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። በሌላው እጅ ጠቋሚና መሃል ጣት ምቱን ዳስሳችሁ 60 ሰከንድ ቁጠሩ (በአውራ ጣት አይሁን፣ የራሱ ምት ያደናግራል)። መለኪያው ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ከ5 ምት ከበለጠ መለኪያውን ትንሽ አንቀሳቅሱትና ድገሙ። በጣታችሁም ስትቆጥሩ ምቱ እየዘለለ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመሣሪያው አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።