ስኳት ስትሠሩ ተረከዛችሁ ከመሬት እየተነሳ ካስቸገራችሁ

ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስትሠሩ ገና ግማሽ ሳትወርዱ ተረከዛችሁ ይነሳል? ወይስ ደረታችሁ ወደ ፊት ይደፋል? በባዶ እጅ መታገሉን ተዉትና ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚመዝን ዱምቤል (አጭር የእጅ ክብደት) በሁለት እጃችሁ አቁማችሁ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ። ከዚያ ጉልበታችሁን በእግር ጣቶቻችሁ አቅጣጫ እየከፈታችሁ፣ 3 ሰከንድ ያህል ወስዳችሁ ውረዱ። ታች ስትደርሱ ክርናችሁ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ከገባ አወራረዳችሁ ጥሩ ነው።

ክብደት ተጨምሮ ሥራው መቅለሉ ግር ያሰኛል፤ ነገሩ ግን የሚዛን ጉዳይ ነው። ስትወርዱ ዳሌያችሁ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰውነትም ወደ ኋላ ላለመውደቅ ደረትን ይደፋል። ከፊት የተያዘው ክብደት ያንን ስለሚያካክስ ጀርባችሁ ሳይጎብጥ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ። አሠልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ «ደረት ቀና!» እያለ ከሚጮህባችሁ ይህ ይሻላል።

እንዲህም ሆኖ ተረከዛችሁ ከተነሳ ቁርጭምጭሚታችሁን ፈትሹ። የእግር ጣታችሁን ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ አርቃችሁ፣ ተረከዛችሁን ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳውን አስነኩ። ካልደረሰ ቁርጭምጭሚቱ ግትር ነው፤ እስኪላላ ድረስ ከተረከዛችሁ ሥር ቀጭን የክብደት ዲስክ አድርጉ።

እግራችሁ ሲጠነክር ግን ዱምቤሉን የያዘው ክንድ ቀድሞ ይደክማል፤ ያኔ ወደ ባርቤል (ረጅም የክብደት ዘንግ) እለፉ። ስትወርዱ ጉልበታችሁን የሚወጋ ሕመም የሚሰማችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን አትሞክሩ፤ መጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይያችሁ።