በረዳት ተዋናይትነት ሙያ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ትወናን የጀመሩ ወጣት ሴቶች ወደ ፊልምና ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ሲሻገሩ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሳቸው የአክስት፣ የጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የነጋዴ ሴት ሚና፣ ማለትም ዋናውን ባለታሪክ የሚያጅብ የረዳት ተዋናይት ሚና ነው። ከእነዚህ ሚናዎች ረጅምና የተከበረ የሙያ ሕይወት መገንባት እንደሚቻል በጽኑ አምናለሁ፤ ሆኖም ተሰጥኦ ያላቸውን ሳይቀር ከመንገድ የሚያስቀሩ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ሚናን በርዝመቱ መመዘን ነው። አሜሪካዊቷ ቢያትሪስ ስትሬት እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ኔትወርክ» ፊልም ውስጥ የታየችው ለአምስት ደቂቃ ያህል ቢሆንም፣ ባሏ ሌላ ሴት መውደዱን የነገራትን ሚስት በመጫወቷ የኦስካርን የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። በአገራችንም የጉማ የፊልም ሽልማት ለረዳት ተዋናይት ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው። ሁለት ትዕይንት ብቻ የተሰጣት ተዋናይት ሙሉውን ስክሪፕት ሳታነብ የራሷን ንግግር ብቻ አጥንታ ወደ ቀረጻ ከሄደች፣ የተሰጣትን ዕድል ገና ሳትጀምር አባክናለች።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ በእኔ ግምት፣ ሰውን መጫወት ትቶ ዓይነትን መጫወት ነው። አሮጊት ሲሏት ወገቧን አጉብጣ ድምፅዋን የምታንቀጠቅጥ፣ ነጋዴ ሲሏት የምትጮህ ተዋናይት ከሌላ ተዋናይት የቀዳችውን እንጂ ያየችውን አታሳይም። ለጎንደር ልጅ ይህ በእጅጉ ያስቆጫል፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በርበሬ ሻጯ ያልተስማማትን ዋጋ ያለ አንድ ቃል እንዴት እንደምትመልስ፣ በጥምቀት ሰሞን ፋሲል መዋኛ ዙሪያ እናቶች በሕዝብ መካከል ልጆቻቸውን በዓይናቸው ብቻ እንዴት እንደሚጠሩ፣ በልቅሶ ቤት ነጠላ እንዴት እንደሚለበስና ለቅርብ ዘመድ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ማየት ትችላለችና። ይህን እየተመለከተች ስለምትጫወታት ሴት ሦስት ነገሮችን መመለስ ይኖርባታል፤ ከዚህ ትዕይንት በፊት የት ነበረች፣ ከምታነጋግረው ሰው ምን ትፈልጋለች፣ ምንስ ትደብቃለች? በስክሪፕቱ ውስጥ መልሱ ከሌለ ራሷ ፈጥራ ትያዘው፤ ተመልካቹ ባይነገረውም በአተያይዋና በዝምታዋ ውስጥ ያገኘዋል።

የአነጋገር ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አንዳንዶች አዲስ አበባ ለተዋናይነት ፈተና ሲቀርቡ የጎንደር አነጋገራቸውን እንደ ነውር ይደብቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለማሳቅ ሲሉ ያጋንኑታል። ሁለቱም ሚናውን ይጎዱታል። የአዲስ አበባ የባንክ ሠራተኛን የምትጫወት ሴት የዚያን ከተማ አነጋገር ልትለማመድ ይገባል፤ የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ ሴትን የምትጫወትም የጎንደርን ለዛ ለእሷ ማልበስ የለባትም፤ የአካባቢው ተመልካች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያውቅባታልና።

ከመድረክ የመጣች ተዋናይት በካሜራ ፊት ድምፅዋንና የፊቷን እንቅስቃሴ ካልቀነሰች፣ በቅርብ ምስል ላይ ትወናዋ የተጋነነ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ይልቅ ችላ የሚባለው የተከታታይነት ጉዳይ ነው። አንድ ትዕይንት ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ስለሚቀረጽ፣ ሲኒውን በየትኛው እጇ እንደያዘችና በየትኛው ቃል ላይ እንዳስቀመጠች ማስታወስ አለባት። ካልገጠመ አርታኢው የመሪዋን ተዋናይት ምስል ይዞ የረዳቷን ይቆርጣል፤ ጥሩ የተጫወተችበት ቅጽበትም በዚሁ ይጠፋል።

በአንድ ሚና ከተወደዱ በኋላ ያንኑ እያባዙ መኖርም አደጋ አለው። ሁለተኛዋን የቤት ሠራተኛ መቀበል ነውር የለበትም፤ ግን በዕድሜ፣ በጠባይ ወይም በአካሄድ ከመጀመሪያዋ ልትለያት ይገባል። ዕድሜ አለፈ ብሎ መቸኮልም አያስፈልግም፤ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ማርጎ ማርቲንዴል ለብዙ ዓመታት በመድረክና በትንንሽ ሚናዎች ሠርታ የመጀመሪያውን የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ60 ዓመቷ ነው። የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ የማሰማት ሥራም ቢሆን መናቅ የለበትም፤ የድምፅን ቁጥጥር ያስተምራል፣ ገቢም ያስገኛል።

በመጨረሻም በቃል ስምምነት ብቻ ወደ ቀረጻ መሄድ አይገባም። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ለምትሠራ ተዋናይት፣ ውሉ ክፍያው በቀን ወይም በድራማው ክፍል መሆኑን፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪን ማን እንደሚሸፍን፣ ቀረጻው ከተራዘመም ተጨማሪዎቹ ቀናት እንዴት እንደሚከፈሉ በጽሑፍ መያዝ አለበት።