አንዱ ቪዲዮ ሲጭን የሌላው ኮል የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ይሄን ሞክሩ

እዚህ ጎንደር አዘዞ ቤታችን እህቴ ቪዲዮ መጫን ስትጀምር እኔ ውጭ ካለው ወንድሜ ጋር የማወራው ነገር በቃ "ሃሎ ሃሎ ትሰማኛለህ" ብቻ ይሆን ነበር። ፓኬጅ ብናሳድግ ይሻላል ብዬ ነበር ግን ችግሩ ስፒዱ ሳይሆን ሞደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ወረፋ ነው፣ አፕሎዱ ሲሞላ ትንሿ የድምፅ ፓኬት (ቁራጭ ዳታ) ከትልቁ ፋይል ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች፣ ልክ ቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ ጨው ሊገዛ የመጣ ሰው ጅምላ ከሚያስጭን ነጋዴ ኋላ እንደሚቆመው ማለት ነው።

ራውተራችሁ ሴቲንግ ውስጥ ኪውኦኤስ (QoS) ወይም ባንድዊድዝ ኮንትሮል የሚል ፈልጉ፣ ስፒዱን የምትገድቡበት ቦታ ነው፣ ኦፕንደብሊውአርቲ (OpenWrt፣ በራውተሩ ሶፍትዌር ፋንታ የሚጫን ነፃ ሶፍትዌር) የሚቀበል ከሆነ ግን ኤስኪውኤም (SQM) የሚባለውን ወረፋ አስተካካይ ጫኑና እሱ ውስጥ ኬክ (cake) የሚለውን የወረፋ ዘዴ ምረጡ፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም እሱ ይሻላል። መጀመሪያ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ስፒዱን ለኩ፣ ከዛ ከለካችሁት 90 ፐርሰንት አካባቢ አስገቡ፣ አፕሎድ 5 ሜጋቢት ካገኛችሁ 4500 ኪሎቢት ብላችሁ ሙሉ፣ ዳውንሎዱንም እንደዛው። ትንሽ ስፒድ ትቀንሳላችሁ ግን ወረፋውን ሞደሙ ሳይሆን ራውተሩ ያስተናግደዋል፣ ለሁሉም ተራ እየሰጠ።

ሰርቶ እንደሆነ ለማየት ፋይል እየጫናችሁ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመጣ ለኩ፣ ቁጥሩ አሁንም ወደ ላይ ከዘለለ ገደቡን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ በተለይ ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ ማታ ማታ ስፒዱ ስለሚወርድ የማታውን ለክታችሁ አስገቡ።