ያስያዛችሁትን መጽሐፍ አትሰርዙ፣ አዘግዩት

ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በወረፋ የምታስይዙ ከሆነ ይቺን ልንገራችሁ። ያስያዛችሁት ሁሉ ባንዴ ሲደርስ ብዙ ሰው ጥያቄውን ይሰርዛል። አትሰርዙ! ድጋሚ ስታስይዙ ከወረፋው መጨረሻ ነው የምትሰለፉት።

ይልቅ ለጊዜው አቁሙት። አካውንታችሁ ውስጥ ያስያዛችኋቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ክፈቱ። ከመጽሐፉ ስም አጠገብ «ለጊዜው አቁም» ወይም «አዘግይ» የሚል ምርጫ ካለ ተጫኑትና እንደገና የሚጀምርበትን ቀን ሙሉ። በብዙ ሲስተሞች ወረፋችሁ ወደፊት መሄዱን አያቆምም። ተራችሁ ቢደርስ እንኳ መጽሐፉ ከኋላችሁ ላለው ሰው ያልፋል፣ እናንተ ግን ቦታችሁን ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ሌላው ሰው ቶሎ ያገኛል፣ እናንተም ለማንበብ አትጣደፉም። በጣም የምወደው ለዚህ ነው።

ብቻ ቀደም በሉ። መጽሐፉ በስማችሁ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ እየመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማቆም አይቻልም። ሊቢ በተባለው መተግበሪያ ለሚዋሱ ዲጂታል መጻሕፍት ግን ተራው ከደረሰ በኋላም ማዘግየት ይቻላል።

ቀኑን ስትመርጡ ደግሞ ማንበብ ከምትፈልጉበት ትንሽ ቀደም አድርጉት። የወረቀት መጽሐፍ ከሆነ ቀኑ ከደረሰ በኋላም እስኪመለስና እስኪላክ ጊዜ ይወስዳል።